የማክሰኞ ጸሎት

ሰኞ፣ 2

ዛሬም አልሆነልኝም። ሰው ሳይነሳ ከአምላኬ ጋር ትንሽ ልቀመጥ ብዬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሳሁ። ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ገርበብ አድርጌ ተንበረከኩ። «አባት ሆይ» ከማለቴ የባለቤቴ እናት ሬዲዮናቸውን ከፈቱ። የአየር ጠባይ፤ ቀጥሎ የመንገድ ወሬ፤ ቀጥሎ የሳሙና ማስታወቂያ። ብቅ ብዬ፣ እማማ፣ ጸሎት ላይ ነበርኩ ብላቸው፣ እሱ እንደ እኔ ጆሮው አልደከመም ልጄ፣ በሬዲዮ መሃልም ይሰማሻል አሉኝ። ተመልሼ ተንበረከኩ። የሳሙናው ዜማ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። ቀኑን ሙሉ ሳንጎራጉረው ዋልኩ።

የተማሪ ልብስ ወቅት ዛሬ ጀመረ። ትምህርት ቤት እስኪከፈት ድረስ የስፌት ቤቱ መኪኖች አይበርዱም። የእኔ ሥራ መፈተሽ ነው፤ የተሰፋው ሸሚዝ ሁሉ በጠረጴዛዬ ያልፋል። ኮሌታ፣ እጅጌ፣ ኪስ፣ የቁልፍ ቀዳዳ። ደህናው ወደ ካውያ ይሄዳል። የተበላሸው ጉድለቱ በጠመኔ ይጻፍበትና ወደ ሰፊዋ ይመለሳል። ተመላሽ እንለዋለን።

ደብተሩን የጀመርኩበት ምክንያት ሌላ ነው። ድሮ ስጸልይ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ይታወቀኝ ነበር፤ ሰው ከኋላዬ ቀስ ብሎ ገብቶ የተቀመጠ ያህል። ዞር ብዬ ማየት እንኳ አያስፈልገኝም ነበር። ከመቼ ወዲህ እንደ ተወኝ አላውቅም። ወይም እኔ እንደ ተውኩት። በየቀኑ ብጽፈው የሚሰወርብኝ የቱ ጋ እንደሆነ እደርስበት ይሆናል።

ማክሰኞ፣ 3

በመኪኖቹ ጫጫታ ውስጥ መጸለይ እየለመድኩ ነው። ሁሉም አንድ ላይ ሲነሱ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ናቸው፤ እሱን ተከናንቤ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ። ሦስት ሸሚዝ ያህል ቆየልኝ። ከዚያ ኮሌታ ጠራችኝ።

ኮሌታ እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። አሥራ ሁለት ዓመት ኮሌታ ብቻ ስለ ሰፋች የወጣላት ነው፤ አሁን በሌላ ስም ቢጠሯት ዞርም አትል። መኪናዋ ከጠረጴዛዬ አንድ ክንድ ነው የሚርቀው። ክር ተበጥሶባት ኖሮ ጫፉን በምላሷ እያረጠበች በመርፌው በዚህ ጎንና በዚያ ጎን ስታሳልፈው ትንሽ አየኋት። ታስገቢልኛለሽ አለች። አስገባሁላት። ወደ ጸሎቴ ስመለስ የት እንደ ደረስኩ ጠፋኝ።

መነጽር ብታደርግ ምናለ።

ቅዳሜ፣ 7

ግማሽ ቀን ተብሎ እስከ አሥር ሰዓት ሠራን። ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ እሱም ተደራቢ ተራ ይዞ ነው የገባው። ከነጫማው ሶፋ ላይ ተጋደመ። ዛሬ እንኳ አብረን እንጸልይ ልለው አስቤ ነበር። ጫማውን አወለቅኩለት። አላወቀም።

ጸሎት የለም።

ሐሙስ፣ 12

የምሳ ሰዓቴን ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ። ጨርቅ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ፣ ከጥቅሎቹ ጀርባ፣ ሃያ ደቂቃ። የሚያውቅ የለም ብዬ ነበር፤ ለካ የማያውቅ የለም። ዛሬ ዓይኔን ጨፍኜ ሳለሁ ተኳሹ ከበሩ ውጪ ለአንዷ ሲነግራት ሰማሁ። «ዝም በሉ፣ ጻድቋ ጸሎት ላይ ናት። ስትጨርስ ሸሚዞቻችንን መልሳ ትልክልናለች።» ተሳሳቁ። ተኳሹ ካውያ የሚይዘው ሰውዬ ነው፤ ካውያው ሊስት ይችላል፣ ምላሱ ግን ስቶ አያውቅም። ይቅር በለው ብዬ ጸለይኩ። ሁለት ጊዜ ጸለይኩ፤ በመጀመሪያው ከልቤ አልነበረም።

ስወጣ ኮሌታ ከበሩ አጠገብ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት። በሚቀጥለው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት ጊዜ ይኖርሽ ይሆን ብላ ጠየቀችኝ። ከእሑድ ሌላ በወር አንድ የዕረፍት ቀን አለን። የእኔ ሁልጊዜ ሦስተኛው ማክሰኞ ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ውሎ ጸሎት የሚያደርጉበት። ያቺን ቀን ለምንም እንደማልለውጣት ነገርኳት። «እንግዲያው ለእኔም ጸልዪልኝ» አለች። እሺ አልኩ። ስለ ምን ብዬ ልጠይቃት ስል ደወል ተደወለ።

ሰኞ፣ 16

አርባ ሦስት ተመላሽ። ከእነሱ ሃያ ስድስቱ የኮሌታ። የግራው ጫፍ ከቀኙ ይረዝማል፤ ስፌቱ ከመስመር ይወጣል። ምን ነካት። ጠዋት ሻይ ሳቀብላት ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠች መስሏት አየር ላይ ለቀቀችው። ስብርባሪውን እኔ ጠረግኩ። ልቧ አብሯት የለም። ሰው የያዘው ነገር ላይ ቀልቡን ካላሳረፈ ምኑን ሠራ ይባላል።

ጸሎት፦ አምስት ደቂቃ። ሸሚዝ ስቆጥር ራሴን ያዝኩት።

ማክሰኞ፣ 17

ዛሬ ይመጣል ብዬ ነበር። ወሩን ሙሉ ለዛሬ ነው የጠበቅኩት።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ። መኪና የለም፣ ሬዲዮ የለም፣ የሚጠራኝ የለም። ሴቶቹ ሲዘምሩ ዘመርኩ፤ ሲወድቁ ወደቅኩ። ውስጤ ግን እንደ ተዘጋ ሱቅ ነው፤ ባለቤቱም ቁልፉም የሉም። ድስቱን አጥፍቼ ወጥቻለሁ? የሰባት ቁጥር ሸሚዞች እጅጌ ተስተካክሎ ይሆን? የእማማን መድኃኒት ረሳሁ። መልሼ ሳባርር፣ መልሶ ሲመጣ። መጨረሻ ላይ አለቀስኩ። ስለ መጣ አልነበረም፤ ስላልመጣ ነው። የሴቶች ኅብረት ሰብሳቢዋ ግን እንባዬን አይታ ስንበተን ያዘችኝ። በሚቀጥለው ወር አንቺ ተናገሪ አለችኝ፤ በእግዚአብሔር ፊት ስለ መኖር፣ ከሥራ ጋር፣ ከቤት ጋር፣ አንቺ እንዴት እንደምታደርጊው። እምቢ ልል አፌን ስከፍት እሺ ወጣ።

ለኮሌታ ጸለይኩላት። ስለ ምን እንደሆነ ስለማላውቅ በደፈናው፣ አስባት አልኩ።

ረቡዕ፣ 18

ኮሌታ ገና ከመግባቷ ጸሎቱ እንዴት ነበር አለችኝ። ጥሩ ነበር አልኩ። ሌላ የምጨምርላት ነገር ያለ ይመስል ትንሽ ቆመች። ሸሚዝ ተከምሮብኝ ነበር።

ዓርብ፣ 20

እማማ የእግራቸውን ጥፍር እንድቆርጥላቸው ከሰኞ ጀምሮ ይጠይቁኛል። ጎንበስ ማለት አይችሉም። ዛሬም ነገ አልኳቸው። «ይኼ ነገ የምትዪው ሰው ቤቱ ሩቅ ነው መሰለኝ፣ እስካሁን አልደረሰም» አሉ። ባለቤቴ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ለንግግሩ እያሰብኩ ነበር። ሦስት መስመር ጻፍኩና ቀደድኩት። የሌለኝን ምን ብዬ ልስጥ?

እግዚአብሔርን የማላገኘው ሰው ስለማይተወኝ ነው። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ሐሙስ፣ 26

አለቃው በሳምንቱ መጀመሪያ ተመላሽ የሚያበዛው ማን እንደሆነ ጽፌ እንድሰጠው ጠይቆኝ ነበር። አንድ ትምህርት ቤት ሦስት ጥቅል ሸሚዝ መልሶበታል። ዛሬ ሰጠሁት። የዋሸሁት የለም፤ ያለውን ነው የጻፍኩት። አንድ ስም።

ወረቀቱን ሲቀበለኝ ቀና ብሎ አየኝና፣ «አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቀን አልተመለሰባትም እኮ፣ ምን ሆነች?» አለኝ። አላውቅም አልኩት።

ስወጣ ልቤ ከበደኝ። ድካም ነው።

ሰኞ፣ 30

የኮሌታ መኪና ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣለች። ዓርብ ማታ ከወቅቱ በኋላ ትጠሪያለሽ ብለው አሰናብተዋታል። ማንም አልነገረኝም። ጠዋት ስገባ ወሬው ሁሉ ቆመ።

የአዲሷ ስፌት ቀጥ ያለ ነው። አንድም ተመላሽ የለም።

በምሳ ሰዓት ጥቅሎቹ ጀርባ ገባሁ። ጸጥ ያለ ነበር። በጣም ጸጥ ያለ ነበር። ከሃያው ደቂቃ በፊት ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ 1

ተኳሹ ነው የነገረኝ። ሸሚዝ ሊወስድ መጥቶ ሳይወስድ ቆመ። የኮሌታ ዓይን እየጠፋ እንደሆነ ታውቂ ነበር ወይ አለኝ። የስኳር በሽታ አለባት፤ ያ ነው ዓይኗን የሚበላው። ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ማንም ሳይገባ ቀድሞ እየመጣ ክር የሚያስገባላት እሱ ነበር። ቀን ሲበጠስ ደግሞ አጠገቧ ያለውን ሰው ትጠይቅ ነበር።

«አጠገቧ አንቺ ነበርሽ» አለ። አልጮኸም። ያ ሰው ሳይቀልድ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

አላውቅም ነበር አልኩት።

እሑድ፣ 6

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ተኳሹ ባመለከተኝ መንገድ ኮሌታ ቤት ሄድኩ። ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ አንዲት ክፍል። በሩ ክፍት ነው። ሳላንኳኳ ስሜን ጠራችኝ። «እግርሽን አውቀዋለሁ፤ ሲቸኩል የሚኖር እግር ነው» አለች።

ክፍሏ ውስጥ ሁሉም ነገር ተሰልፏል። ብርጭቆ፣ ሳህን፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ፎጣ፣ እያንዳንዱ በመካከሉ አንድ ጣት እየተወ። እጇን ስትዘረጋ አንዱንም አትስተውም። ሻይ ቀዳችልኝ፤ ጣቷን ብርጭቆው አፍ ላይ አድርጋ፣ ሙቀቱ ሲነካት አቆመች።

ይቅርታ ልል ስዘጋጅ ሌላ ነገር ወጣኝ። ባውቅ ኖሮ አልኳት።

«ልነግርሽ ሦስት ጊዜ መጥቻለሁ» አለች። «የዓይን ሐኪሞቹ ጠብታ ስለሚጨምሩብሽ ብቻሽን አትመለሺም፣ ሰው ይዘሽ ነይ ብለውኝ ነበር። እህቴ ሩቅ ናት። ሰው ሲሉኝ አንቺ ትዝ አልሽኝ።»

ለምን እኔ አልኳት።

«የምትጸልይ ሰው ነሽ ብዬ ነዋ። የምትጸልይ ሰው ሰው አይሰለቻትም አልኩ። ቀጠሮዬ ያ ማክሰኞ ነበር። ከእሱ ጋር ቀጠሮ አለኝ ስትዪኝ ዝም አልኩ። እኔ ማን ነኝና በመካከላችሁ ልግባ?»

አነጋገሯ ላይ ምፀት ፈለግኩ። ምፀት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። የምሯን ነው።

ስለ ወረቀቱ ነገርኳት። እንዳወቀች ነገረችኝ፤ አለቃው ሲያሰናብታት ጠረጴዛው ላይ አይታዋለች፤ ፊደሉን ባታነበውም የእጅ ጽሑፌን ቅርጽ ታውቀዋለች። ጠመኔዬን አሥራ ሁለት ዓመት በሌሎች ሸሚዝ ላይ አይታ የለ። ውጪ ጎማ ጠጋኙ ጎማ ይነፋል።

ልጸልይልሽ አልኳት። ሌላ የምሰጣት ነገር ስላጣሁ ነው።

«ጸልየሽልኛል አይደል እንዴ፣ ማክሰኞ ዕለት?» አለች።

ቤት ስገባ እማማ የሸኘሁት ሰው እንዳለ ጠየቁኝ። ፊቴ የቀብር ፊት ሆኖባቸዋል። ሳልመልስላቸው የእግር መታጠቢያ ሞቅ ያለ ውሃ አምጥቼ ጥፍራቸውን ቆረጥኩ። ግርም ብሏቸው ሬዲዮኑን ዘጉት።

ሰኞ፣ 7

ጠዋት ለአለቃው የምለውን ለማዘጋጀት ይህን ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩ። አላውቅም ነበር ልለው ነበር። ክሩን በመርፌው ጎን ስታሳልፈው አይቻለሁ። ብርጭቆውን ጠርጌያለሁ። በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፤ ቀኑም አለ። አይቼ ነበር። አይቼ ነው ያለፍኩት፤ ጸሎቴ እንዳይቋረጥ።

ለእሱም እንደዚሁ ነገርኩት። ዓይኗን አይቼ ነበር፣ ሳልጠይቃት ስሟን ጻፍኩልዎት አልኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ የደከመው ሰው ነው። ታዲያ ምን ላድርግ አለኝ፣ ጠማማ ኮሌታ የሚቀበል ትምህርት ቤት ካለሽ አምጪልኝ። መገልበጡን ይስጧት አልኩት። ኮሌታ ከተሰፋ በኋላ ይገለበጣል፣ ጫፉ በእንጨት ተገፍቶ ይወጣል፤ የእጅ ሥራ ነው። የእሷ ጣት ደግሞ ጨለማ ውስጥም ያውቀዋል። ከጠረጴዛው አንድ ሸሚዝ አንስቶ የኮሌታውን ጫፍ ዳሰሰ። ከዚያ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ድረስ ብቻ፣ ከዚያ በኋላ አልምልም አለ። ይህንንም አልጠበቅኩም ነበር።

በምሳ ሰዓት ሐኪም ቤት ሄጄ መስኮት ላይ ተሰለፍኩ። ቀጠሮ ያመለጣት ሰው ወደ ሰልፉ ጭራ ነው የምትመለሰው አሉኝ። ለመንኩ። ለልመና ለካ እንግዳ አይደለሁም። ያገኘሁት ቀን የሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ነው፤ 15።

ሦስተኛው ማክሰኞ።

ሐሙስ፣ 10

ኮሌታ ተመለሰች። ከተኳሹ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትገለብጣለች። ጫፎቹ እንደ ምላጭ። ከእኔ ጋር ብዙ አታወራም። ተኳሹ ግን ዛሬ ደህና ዋልሽ አለኝ፤ ጻድቋ አላለኝም። ቢለኝም ግድ የለኝም ነበር።

ጠዋት ሰዓቱ ላይ ተነሳሁ። ምንም። ሬዲዮ እንኳ የለም፤ እማማ በእኔ ምክንያት ዘግይተው መክፈት ጀምረዋል። የሚወቀስ አጣሁ።

ዓርብ፣ 11

ለሰብሳቢዋ ደወልኩ። ማክሰኞ አልመጣም፣ ደግሞም የምናገረው የለኝም አልኳት። ሳቀች። እንዲህ የምትል ሴት ናት መናገር ያለባት አለች። ትሕትና አይደለም፣ እውነቴን ነው፣ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል ከተሰወረብኝ አልኳት። ይኼ ደግሞ ይበልጥ ትሕትና መሰላት። በመጨረሻ የት ልትሄጂ ነው ስትለኝ ሰው ሐኪም ቤት ላደርስ ብዬ ነገርኳት። ሌላ የሚያደርሳት ጠፍቶ ነው አለች። በክፋት አልነበረም። ከአንድ ወር በፊት እኔም እንደዚሁ እል ነበር።

ባለቤቴ ስልኩን ሲሰማ ነበር። ከተሰወረብኝ ማለትሽ ማነው ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። እንዲህ ያለ ነገር ነግሬው አላውቅም። እኔም እኮ መሪ ይዤ ብቻ ነው የማገኘው፣ የመጨረሻው ተሳፋሪ ሲወርድ፣ እሱም አንዳንዴ አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንኖር።

ማክሰኞ፣ 15

ሐኪም ቤቱ ሞልቶ ነበር። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገብተን ሰባት ሰዓት ተኩል ወጣን። በመጀመሪያው ሰዓት ሴቶቹ አሁን መዝሙር ላይ ናቸው፣ አሁን እገሌ ተነስታለች እያልኩ ሳስብ ነበር። ከዚያ ጠብታውን ጨመሩባትና ሃሳቤ ሁሉ እሷ ላይ ሆነ። በየሃያ ደቂቃው ይጨምሩባታል። ብርሃኑ ወጋት፤ ሻርፔን ግንባሯ ላይ አጠላሁላት። መጸዳጃ ቤት ወሰድኳት። ስሟን ሲጠሩ ኮሌታ ብለው ስላልጠሩ ሁለታችንም አልሰማንም፤ ሦስተኛው ላይ ነው የነቃነው። እዚያ ላይ ሳቀች። ከተመለሰች ወዲህ ከእኔ ጋር ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ለስለስ ያለ። የቀኙን በጨረር ማቆየት ይቻላል አለ፤ አራት ጊዜ መመላለስ አለባት፣ ስኳሯንም ማውረድ። የግራው ግን ብዙ ሄዷል። ወረቀቷን አገላብጦ፣ «ባለፈው ወር በቀጠሮሽ መጥተሽ ቢሆን ኖሮ...» አለና ቀና ብሎ አያት። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። እኔ ጨረስኩት።

ከክፍሉ ወጥተን አግዳሚው ላይ ትንሽ ተቀመጥን። ሰማሽው ወይ አልኳት።

«ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ ምን ሆነ?»

ይቅር በይኝ አልኳት። በዚህ ሁሉ ቀን ቃሉን ስል የመጀመሪያዬ ነው።

አሳንሰሩ ይሠራ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ተበላሽቷል አልኳት። ያለነው ሦስተኛ ፎቅ ነው።

«እንግዲያው ክንድሽን አምጪ» አለች። «ልቀየምሽ አስቤ ነበር። ግን አሁን ደረጃ አለብን። እሱ ይለቅና እቀየምሻለሁ።»

ክንዴን ያዘችኝ። ጥፍሯ እስኪሰማኝ ነው የያዘችኝ። ደረጃ እላለሁ፤ እግሯን ትሰዳለች። ደረጃ። ትሰዳለች። ከኋላችን የሚቸኩሉ ሰዎች አሉ፤ በጎን አለፉን። ደረጃ። መታጠፊያ ላይ ቆመን ትንፋሽ ወሰድን። ሜዳ ነው አልኳት፣ አሁን ደግሞ ይጀምራል። ደረጃ። ቀኑን ሙሉ ከዚያ የተሻለ ቃል ከአፌ አልወጣም፤ ሌላም አልፈለግኩም። ሃሳቤ አልሸሸም። የሚሸሽበት ቦታ አልነበረውም፤ ብትወድቅስ?

ታች ስንደርስ ክንዴን አልለቀቀችም። እስከ አውቶቡስ ፌርማታው እንደያዘችኝ ሄድን። ቀጣዩ ማክሰኞ ስንት እንደሚውል ጠየቀችኝ። ሃያ ሁለት አልኳት። የወሩን ዕረፍቴን ጨርሻለሁ፤ አለቃውን መለመን ሊኖርብኝ ነው። ተቀየምሽኝ ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም። እሷም አላነሳችውም።

አሁን ቤት ነኝ። እማማ ራት አቅርበውልኛል። እግሬ አብጧል። ይህን ስጽፍ ነው ትዝ ያለኝ፦ ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ፣ እዚያ አግዳሚ ላይ፣ እዚያ ደረጃ ላይ፣ እሱ ነበረ ወይ ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አልፈለግኩም። ወደ ኋላዬም አልዞርኩም።

አሁን ልጠይቀው ብዬ ተንበረከኩ። ደክሞኛል። ሳልጠይቀው ልተኛ ነው።